ግፊትን በግፊት፦ ደብረ ብርሃን ላይ የወሰድኩት የአኩፕሬሸር ሥልጠና

ባለፈው ኅዳር ደብረ ብርሃን ውስጥ «ደም ብዛትን በራስ እጅ» በሚል ማስታወቂያ በሁለት ቅዳሜ ጠዋቶች የተሰጠውን የአኩፕሬሸር (የሰውነት ነጥቦችን በጣት እየተጫኑ የማከም) ሥልጠና 1,200 ብር ከፍዬ ተከታትያለሁ። ከክፍያው ጋር በላስቲክ የተለበጠ የነጥቦች ሥዕል፣ ባለ ጥርስ የእንጨት መንከባለያ እና ጫፏ የደነዘዘ አንዲት ትንሽ በትር ተሰጥቶኛል። ግምገማውን የምጽፈው ሥልጠናው ካበቃ ከሦስት ወር በላይ ቆይቼ ነው። ለ31 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን «አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትደምድሙ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ነገሩ በራሴ ሰውነት ላይ ሲደርስ ሌላ ሕግ ላወጣ አልወደድኩም። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ የምወቅሰው ነገር ሊታረም የሚችል ነው፣ ተመሳሳይ ትምህርት የሚሰጡ ሌሎች ሰዎችም ስላሉ አንባቢ ስሙን ሳይሆን ይዘቱን እንዲመዝን እፈልጋለሁ።

ዕድሜዬ 61 ነው፤ ደም ብዛት እንዳለብኝ ከተነገረኝ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሥልጠናውን ስጀምር አምሎዲፒን የተባለውን ኪኒን 5 ሚሊግራም በየቀኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እወስድ ነበር፤ ቤት ውስጥ ስለካ ግን ቁጥሩ ከ150 በ90 አካባቢ አልወርድ ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ለሚለካ ሰው 135 በ85 እና ከዚያ በላይ እንደ ከፍተኛ ግፊት የሚቆጠር በመሆኑ፣ በኪኒኑ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር ስፈልግ ነው ማስታወቂያውን ያየሁት። ኪኒኑን የሚተካ ነገር ፍለጋ አልሄድኩም፤ ይህን ልዩነት አንባቢ ከወዲሁ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ክፍሉ ወደ ጠባሴ በሚወስደው መንገድ ከአንድ ቡና ቤት ጀርባ የተከራየ ነበር። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን፤ የኅዳር ውርጭ ገና ከመስኮቱ ስላልለቀቀ አብዛኞቻችን ጋቢያችንን እንደደረብን ተቀመጥን። አሠልጣኙ ትሑት ወጣት ሲሆን በማስተማር ረገድ የምነቅፈው ብዙ የለኝም፤ ነጥቡን በቃል ተናግሮ ብቻ አያልፍም፤ ከሰው ሰው እየዞረ የእያንዳንዳችንን ጣት ይዞ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ስንት ኃይል እንደሚያስፈልግ ሲያስረዳም የአውራ ጣታችን ጥፍር ነጣ እስኪል፣ ከሥር የሚሰማውም ስሜት ከባድና ድንዝዝ የሚል እስኪሆን ድረስ እንድንጫን፣ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ወዲያው እንድንለቅ ነገረን። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ክርናቸው ሲጫን ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ዋግምት ያለ ቀንድ ነው» ሲሉት ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳይቀየም «አባባ፣ ደም የማይወጣበት ዋግምት ይበሉት» አላቸው።

ትምህርቱ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና የመጣ ነው። በዚያ ሕክምና ሰውነት ላይ በ14 መስመሮች የተደረደሩ 361 ነጥቦች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ስያሜያቸው በየአገሩ እንዳይለያይ መደበኛ ዝርዝር አውጥቶላቸዋል። ስያሜን ማስማማት ሕክምናው ይሠራል ብሎ መመስከር አይደለም፤ ይህ በክፍሉ ውስጥ አልተነገረም። ለደም ብዛት ተብለው የተሰጡን ስድስት ነጥቦች ናቸው፦ ክርን ሲታጠፍ የእጥፋቱ የውጭ ጫፍ፤ ከእጅ አንጓ እጥፋት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ያለው ቦታ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ፤ ከጉልበት ሎሚ ግርጌ አራት ጣት ወርዶ ከቅልጥሙ አጥንት በውጭ በኩል አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ያለው፤ በእግር ገጽ ላይ በአውራው ጣትና በቀጣዩ ጣት አጥንቶች መካከል ያለው ጎድጓዳ፤ እንዲሁም ማጅራት ላይ ከራስ ቅል ሥር ግራና ቀኝ ያሉት ጉድጓዶች። እያንዳንዱ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይጫናል፤ በሁለቱም ጎን ሲሠራ በጠቅላላው 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዘዴው ይህ ነው፤ ለመልመድ ሁለት ቅዳሜ አያስፈልገውም፤ አንዱ ይበቃ ነበር።

ሥዕሉ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። የእግሩ ነጥብ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣት መካከል ታትሟል፣ ከጉልበት በታች ያለው ደግሞ በቅልጥሙ የውስጥ በኩል ተስሏል። አሠልጣኙ በእጁ ያሳየን ትክክለኛውን በመሆኑ ክፍሉ ውስጥ ለነበርነው ችግር አልፈጠረም፤ ሥዕሉን ከዘመዱ ተቀብሎ ለብቻው የሚሞክር ሰው ግን ጣቱን የሚያሳርፈው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው።

ከሥዕሉ የከፋው ሰባተኛ ተብሎ የተጨመረው ነጥብ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከመንጋጋችን ሥር ትርታ የሚሰማበትን ቦታ በሁለት እጃችን ግራና ቀኝ አንድ ላይ እንድንጫን ታዘዝን፤ እኔም ታዘዝኩ። አሥር ሴኮንድ ሳይሞላ ፊቴ ያለው ሰሌዳ ጥግ ጥጉ ጠቆረብኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሩቅ ወንዝ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴት ጋቢዬን ይዛ ባትደግፈኝ ከወንበሩ እወርድ ነበር። በዚያ ቦታ የሚያልፈው ትልቅ የደም ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ግፊትን እያነበበ ለአንጎል የሚያሳውቅ የነርቭ ስፍራ አለው፤ ከውጭ ሲጫኑት ግፊቱ የጨመረ ይመስለውና ልብን ያዘገያል፣ የደም ሥሮችንም ያላላል። ቁጥሩ በርግጥ ይወርዳል፤ ነገር ግን ሰውም አብሮ ይወድቃል። በዕድሜ የገፋ ሰው ቧንቧው ውስጥ የተጋገረ ስብ ቢኖርበት ደግሞ ፍርፋሪው ተነሥቶ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል፤ ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ መጫን ወደ አንጎል የሚሄደውን ደምም ይቀንሳል። ስለዚህ ይህን ግምገማ የሚያነብ ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፦ የአንገት ፊትና ጎን አይነካም፤ ማጅራት ሌላ ነው፣ ጉሮሮ ሌላ ነው።

ሳይጠየቅ የታለፈም ነገር አለ። ከመካከላችን አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ነጥብ የዘርፉ ባለሙያዎች ራሳቸው በእርግዝና ጊዜ የሚያስቀሩት ቢሆንም፣ ማንም ሳያስቆማት ከእኛ እኩል ስትጫን ነበር። ለዚያውም በእርግዝና ጊዜ ግፊት መጨመር ለብቻው አስቸኳይ ክትትል የሚፈልግ ሕመም ነው እንጂ በሥልጠና የሚያዝ አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ እግሩ ላይ የረጋ ደም የነበረበት፣ የደም ሥሩ የተቋጠረ ሰው በዚያ ባለ ጥርስ መንከባለያ ቅልጥሙን ማሸት እንደሌለበትም አልተነገረም። ቁርጭምጭሚታቸው ያበጠ አንዲት እናት «ውሃው በነጥብ ይወጣል» ሲባሉ ሰምቻለሁ። አምሎዲፒን ራሱ እግር ያሳብጣል፤ ልብና ኩላሊት ሲደክሙም እግር ያብጣል፤ ከየትኛው እንደሆነ የሚለየው ሐኪም ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁላችንን ያስደነቀን ትርኢት ነበር። ስንገባ ግፊታችን ተለካ፣ ከ20 ደቂቃ መጫን በኋላ ዳግመኛ ተለካ፤ ከአሥራ አራታችን አሥራ አንዳችን ወርዶልን ተገኘ፣ ጭብጨባ ሆነ። እኔ ግን የመጀመሪያው ልኬት እንዴት እንደተወሰደ አይቼ ነበር። አንዳንዱ ከታክሲ ወርዶ እየሮጠ እንደገባ፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር እያወራ፣ ብዙዎቹም የሹራባቸው እጅጌ ወደ ላይ ተሰብስቦ ክንዳቸውን እንደ ገመድ አስሮት ነው የተለኩት። ሰው ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ሳይናገር መቀመጥ አለበት፤ ክንዱ ተራቁቶ በልቡ ትክክል ይቀመጣል፣ ሽንቱንም ቀድሞ ይሸናል፣ ከግማሽ ሰዓት ወዲህም ቡና አይጠጣም። የእኛ አገር ብርድ ብቻውን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ከውጭ የገባ ሰው ቁጥሩ ከፍ ይላል። በሁለተኛው ልኬት ጊዜ ሁላችንም ሞቆን፣ ዐርፈን፣ ዝም ብለን ነበር። ቁጥሩን ያወረደው ጣታችን ነው ወይስ ወንበሩ?

ይህን ለማወቅ ቤቴ ውስጥ አንድ ሙከራ አደረግሁ። ኪኒኔን ሳላቋርጥ ለ42 ቀን በየጠዋቱ የአንድ ብር ሳንቲም ወደ ላይ እወረውራለሁ፤ አንበሳው ከወጣ ነጥቦቹን 15 ደቂቃ እጫናለሁ፣ ሚዛኑ ከወጣ በዚያው ወንበር ላይ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ 15 ደቂቃ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ከመጀመሬ በፊት አምስት ደቂቃ ዐርፌ፣ ከጨረስኩም በኋላ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ እየለካሁ አማካዩን በደብተር አሰፍር ነበር። አንበሳው 23 ቀን ወጣ፣ ሚዛኑ 19 ቀን። በአንበሳው ቀናት ግፊቴ በአማካይ ከ149 በ91 ወደ 140 በ87 ወረደ፤ በሚዛኑ ቀናት ከ149 በ91 ወደ 141 በ87። የአንዷ ነጥብ ልዩነት ምንም አይደለችም፤ መለኪያው ራሱ ሦስት ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ማታ ከራት በፊት ስለካ ደግሞ የሁለቱ ዓይነት ቀናት ልዩነት ጨርሶ ጠፍቶ፣ ሁለቱም ወደ ጠዋቱ ቁጥር ተመልሰው አገኘኋቸው።

ሆኖም ከቁጥሩ ውጪ የታዘብኩት ነገር አለ፤ ያስተዋለችውም ባለቤቴ ናት። በሚዛኑ ቀናት አምስት ጊዜ ሳልጨርስ ተነሥቻለሁ፤ አንዴ በር ተንኳኳ፣ አንዴ ስልክ ጮኸ፣ ሌላ ጊዜ ያለ ምክንያት ሰለቸኝ (እነዚህን አምስት ቀናት ከስሌቱ አውጥቻቸዋለሁ)። በአንበሳው ቀናት ግን አንድም ቀን አልተነሣሁም። «አንተ ሰው፣ ጣትህ ሥራ ሲያገኝ ነው አፍህ የሚዘጋው» አለችኝ። ፍርዴን የምሰጠውም በዚህ ላይ ነው፦ ነጥቦቹን መጫን ለእኔ ያደረገልኝ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለትን ሰው 15 ደቂቃ ወንበር ላይ ማሰር ነው። ጣት ክርን ላይ ሳለ ትንፋሽ ሳይታዘዝ ይረጋል፤ ዝግ ያለ አተነፋፈስ ደግሞ ግፊትን በመጠኑ እንደሚያወርድ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነገር ነው።

ከእኔ ደብተር የሚበልጥ ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው፣ የሕክምና ጥናቶችን እየመረመረ የሚያጠቃልለው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 በመርፌ የሚሰጠውን የዚህኑ ሕክምና 22 ጥናቶች ተመልክቶ ለደም ብዛት የሚያስፈልገውን የዘለቀ ቅነሳ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም፤ የአጭር ጊዜውንም ውጤት ጥናቶቹ ደካማ በመሆናቸው እርግጠኛ ያልሆነ ብሎታል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ከመድኃኒትና ከምግብ ውጪ ያሉ ዘዴዎችን ሲመዝን የእግር ጉዞን የመሰለ እንቅስቃሴን ከላይ፣ በመሣሪያ የሚመራ ዝግ ያለ ትንፋሽን ከመካከል አስቀምጦ፣ መርፌውን ከማይመከሩት ጋር መድቦታል። መርፌ ያልቻለውን ጣት ይችላል ብሎ ለመጠበቅ ምክንያት አይታየኝም።

በጥር ደግሞ ሳላስበው ሌላ ሙከራ ገጠመኝ። ሸዋ ሮቢት ልጄ ቤት አንድ ሳምንት ሰነበትኩ፤ ሳንቲሙንም ሥዕሉንም ደብረ ብርሃን ረስቼ ነበር። በጣርማበር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ወደ 1,300 ገደማ ነው፤ እዚያ ጠዋት በሸሚዝ ይዋላል። አንድም ነጥብ ሳልጫን የጠዋት ቁጥሬ ከ138 በ86 አልፎ አያውቅም። ሥልጠናውን እዚያ ወስጄ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ለጣቴ እቆጥረው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እመጣለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጨረሻ ላይ አሠልጣኙ «ነጥቡ ከያዘላችሁ ኪኒኑን እየቀነሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ» አለ። ከደነባ በኩል የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ እኔ የምወስደውን ዓይነት ኪኒን ይወስድ ነበርና፣ ምክሩን ሰምቶ በዚያው ቀን አቆመው። ማክሰኞ መድኃኒት ቤት ሲለካ 138 በ86 ሆነለት፤ በሁለተኛው ቅዳሜ ይህንኑ ቆሞ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ራሱን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ይዞት ክሊኒክ ሲገባ 192 በ112 ሆኖ ተገኘ። የማክሰኞው ቁጥር የኪኒኑ እንጂ የነጥቡ አልነበረም፤ አምሎዲፒን ግማሹ ከደም ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት የሚፈጅ መድኃኒት ስለሆነ፣ ሰው ካቆመው በኋላም ለቀናት ይሠራል። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ኪኒኑን አቁሞ ነጥብ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያየው ጥሩ ቁጥር ያቆመው መድኃኒት ትርፍ ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ጣቱ ነው። እንደዚህ ነጋዴ የላይኛው ከ180 ያለፈበት ሰው፣ በተለይ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የንግግር መያዝ ካለው፣ ነጥብ ሳይፈልግ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ከሥልጠናው ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ማንም ያልሸጠልኝ ደብተሩ ነው። የ42 ቀኑን ልኬት ለሐኪሜ ሳሳያቸው ገጹን አገላብጠው አይተው ኪኒኑን ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ አደረጉት፤ ጨው እንደምቀንስም ጠየቁኝ። እቀንሳለሁ አልኳቸው፤ በወጥ ላይ ጨው መነስነስ ካቆምኩ ዓመት አልፎኝ ነበርና። ቤት ስንገባ ባለቤቴ በርበሬውም ሽሮውም ከወፍጮ በፊት ጨው ገብቶባቸው እንደሚዘጋጁ አስታወሰችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አሁን የእኔ ሽሮ ለብቻው ያለ ጨው ይፈጫል፤ ጣዕሙን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ አልዋሽም። የጠዋቱ ቁጥር ዛሬ 132 በ84 ላይ ነው። ነጥቦቹን አሁንም ጠዋት ጠዋት እጫናለሁ፤ ለዚህ ቁጥር ግን ድርሻ አልሰጣቸውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 1,200 ብሩ ለአንድ ጠዋት ትምህርትና ለአንድ ሥዕል ይበዛል። መንከባለያው ጥርሱ ከሁለት ወር በኋላ መርገፍ ጀመረ፤ በትሯ ደህና ናት፣ ነገር ግን አውራ ጣት ላለው ሰው አታስፈልግም። ዘዴውን መማር የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ በክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ቢገዛበት ይሻለዋል፤ ሲገዛም የሚነፋው ጨርቅ ለክንዱ ውፍረት የሚበቃ መሆኑን ይይ፣ የጠበበ ጨርቅ ቁጥሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያልና።

ይህን ከማውጣቴ በፊት ለአሠልጣኙ ደውዬ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ፤ ሥዕሉን በሳምንቱ አርሞ አዲሱን ቅጂ ቤቴ ድረስ ላከልኝ፣ የአንገቱንም ነጥብ ከትምህርቱ እንደሚያወጣው ቃል ገባልኝ። ስለ ኪኒኑ የተናገረውን ለቀጣዮቹ ሠልጣኞች እንዳይደግመው ስጠይቀው ግን ጥቂት ዝም ብሎ «አያለሁ፣ ጋሼ» ነው ያለኝ።